ጀሪካን፣ ጣሳ፣ ጎማ ወይስ ጋን? ለአበባችሁ የትኛው ዕቃ ይሻላል

ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ ከየቤቱ የሚወጣው ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ እጀታው የተነቀለ ባልዲ። አብዛኞቹ ከመሸጣቸው በፊት አበባ ሊያበቅሉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ለግቢ የሚመች ለኮንዶሚኒየም በረንዳ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ክረምትን በደህና ያሳለፈ ዕቃ በጥር ፀሐይ ተክሉን ሊያደርቅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከአበባው ነው። መንገድ ዳር ከሚሸጡ ችግኞች መካከል ያማረውን ጽጌረዳ ይገዛል፣ ቤት ከደረሰ በኋላ ምን ውስጥ እንደሚተክለው ያስባል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ምረጡ፣ አበባው ይከተላል። ዕቃውን ስትመርጡ ደግሞ ከማማሩ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ አንዴ ካጠጣሁት ውሃውን ስንት ቀን ይይዝልኛል?

ከውሃው እንጀምር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጥላ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጣሳ ግን በእጅ አይነካም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ዝናብ እምብዛም የለም፤ ነፋሱም ደረቅ ነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። በተጠራቀመ ውሃ ለሚኖር ቤተሰብ በየቀኑ መጠጣት ያለበት አበባ ሸክም ነው። መጀመሪያ ሰሞን በፍቅር ይጠጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይረሳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ጥፋቱ የባለቤቱ አይደለም፤ የዕቃው ልክ ከቤቱ ውሃ ጋር ስላልተመጣጠነ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ኪሎ ወተት ዱቄት ጣሳ የሚይዘው አፈር ሁለት ሊትር ገደማ ነው። በበጋ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተቆርጦ ሲዘጋጅ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጠጣ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃ ለሚቸገር ቤት አሥር ትናንሽ ጣሳ ከመደርደር ሁለት ትልልቅ ዕቃ መያዝ ይሻላል። አሥሩ ጣሳ ፎቶ ላይ ያምራል፤ በየካቲት ግን ሁለቱ ጀሪካኖች ናቸው አበባ ይዘው የሚገኙት።

ትልቅ ዕቃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ክብደቱ። ተራ የግቢ አፈር ውሃ ሲጠጣ አንድ ሊትሩ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። 20 ሊትር ሙሉ የራሰ አፈር ማለት ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም ነው። ይህን በረንዳው ወለል ላይ፣ ግድግዳውን አስጠግቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በረንዳው መከለያ ላይ መደርደር ወይም በሽቦ ውጭ ማንጠልጠል ግን በፍጹም አይሆንም። ከታች ልጆች ይጫወታሉ፣ ሰው ልብስ ያሰጣል። የተንጠለጠለ ነገር ካማራችሁ ትንሽና ቀላል ዕቃ፣ ያውም ከመከለያው ወደ ውስጥ በኩል ይሁን።

የዘይት ጀሪካን

ከሁሉም ዕቃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። በየቤቱ አለ፣ ውሃ ይይዛል፣ አይዝግም፣ ሲወድቅ አይሰበርም። ባለ 3 እና ባለ 5 ሊትሩ ለጄራኒየምና ለማሪጎልድ ይበቃል፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ጽጌረዳ ጭምር ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከማጠብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ዘይት የነካው አፈር ውሃ አይጠጣም፤ ብታፈሱበት ከላይ ተንሳፍፎ በጠርዙ ይወርዳል። ጉንዳንና በረሮም ይጠራል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ፣ ኦሞና አንድ እፍኝ አሸዋ ጨምራችሁ ክዳኑን ዝጉና እንደ ወተት ናጡት። አሸዋው እጅ የማይደርስበትን ጥግ ይፈገፍጋል። ውሃው እስኪጠራ ደጋግሙት።

አቆራረጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጀሪካኑን አቁሞ አናቱን ቆርጦ መጣል ነው፤ ጥልቅ ዕቃ ይወጣዋል፣ ሥሩን ወደ ታች ለሚሰድ ለጽጌረዳ ይስማማል። ሁለተኛው፣ እኔ የምወደው፣ ክዳኑ ወደ ታች በሚሆንበት ጎን አጋድሞ ወደ ላይ የዞረውን ጎን እንደ መስኮት መክፈት ነው። ረጅም ገንዳ ይሆናል፤ መያዣው ጫፉ ላይ ስለሚቀር አንስቶ ለማዞር ይመቻል። ክዳኑም ሥራ አለው። በክረምት ዝናብ ሲበዛ ክዳኑን ላላ ስታደርጉት የተጠራቀመው ውሃ ይወርዳል፤ በበጋ ጠበቅ ስታደርጉት እርጥበቱ ይቆያል። አፈሩ አብሮ እንዳይወጣ ከውስጥ በኩል የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወይም የወንፊት መረብ ክዳኑ አፍ ላይ ማድረግ ነው።

ለቆመው ጀሪካን ቀዳዳ ሲበሳ የዕቃውን መሬት፣ ማለትም ታቹን፣ መብሳት ብቻ የሚጠበቅ ይመስላል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ሌላ ዘዴ ይሻላል። ቀዳዳዎቹን በጎኑ፣ ከመሬቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብሱ። ከቀዳዳው በታች የሚቀረው ውሃ ለሥሩ ትንሽ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ ትርፉ ደግሞ በጎን ይወጣል። ጥሩ ዝናብ ላለበት ደጅ ግን ይህ አይመከርም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። እዚያ መሬቱን አራት አምስት ቦታ ብሱት። ሚስማሩን ከሰል ላይ አግሎ በፒንሳ መያዝ ነው፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን።

የጀሪካን ጠላት ፀሐይ ነው። ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጠርዙን ስትጫኑት ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪውም አፈር ውስጥ ይቀራል። መገርጣት ሲጀምር ሳይፈረካከስ ተክሉን ወደ ሌላ አዛውሩት። ሳሳ ያሉት ባለ 3 ሊትሮች ከወፍራሙ ቢጫ ጀሪካን ቀድመው ያረጃሉ።

ጣሳ

የድሮ አዲስ አበባ ቤቶችን በረንዳ የሚያውቅ ሰው በጣሳ የተተከለ ጄራኒየም ያውቃል። ቀይና ሮዝ አበባው ከእንጨት በረንዳው ጋር እንዴት እንደሚስማማ! ይህ ጥምረት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጄራኒየም ከሌላው ይልቅ ጥማት ይችላል፤ ሥሩ ጠበብ ሲልበት አበባ ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ከጎረቤት ቁራጭ ለምኖ መትከልም ይቻላል፤ የጣት ርዝመት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን አራግፎ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ላይ አሳድሮ እርጥብ አፈር ውስጥ መሰካት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌ ጭቃ ቁራጩ ይበሰብሳል።

የጣሳ ችግሩ ሁለት ነው። ቆርቆሮ ሙቀት ወዲያው ያስተላልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ጠርዙን የነካ ሥር ይቃጠላል። መፍትሔው ውጩን ኖራ ወይም ነጭ ቀለም መቀባት፣ ወይም የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ዝገት ነው። መሬቱን ስትበሱ ሚስማሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ምቱት። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተመታ የተገለበጠው ጠርዝ ውሃውን ይገድበዋል፣ ታቹም ቶሎ ይበላል። ሁለት ጠጠር ወይም የጡብ ስባሪ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት አየር ስለሚያገኝ ዕድሜው ይረዝማል።

የቀለም ጣሳ ለአበባ ይሆናል፤ የደረቀውን ቀለም ልጣችሁ ማንሳት አለባችሁ። ለሚበላ ነገር ግን አታውሉት። ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጎማ

ግቢ ላለው ሰው የመኪና ጎማ ብርቱ ዕቃ ነው። ጎሚስታ ጋ አሮጌ ጎማ አይታጣም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራም እንደልብ ነው። ብዙ አፈር ይይዛል፣ ለብዙ ዓመት አይፈርስም፣ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ሥሩ ወደ ታች መውረድ ይችላል። ለቦገንቪላ፣ ለጽጌረዳ ቁጥቋጦ፣ ለካላ ሊሊ ሰፊ ቤት ነው። መቁረጥ ከፈለጋችሁ ግን ዝም ብላችሁ ቢላ አታበላሹ፤ ውስጡ የብረት ክር አለው። በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያውም ብልሃቱም ስላላቸው በትንሽ ዋጋ ይቆርጡላችኋል።

ለኮንዶሚኒየም ጎማን አልመክርም። ክብደቱ ይበዛል፣ ታቹ ክፍት ስለሆነ ወለል ያቆሽሻል፣ ጥቁር ስለሆነም ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይስባል።

ጎማ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ትንኝ ነው። የጎማው የውስጥ ክብ ውሃ ይቋጥራል፤ ያ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ድሮ የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ ነው ሲባል ነበር የምንሰማው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በበርሜል፣ በጎማና በመሰል የውሃ ማጠራቀሚያ መራባት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈዋ ትንኝም እንዲሁ በጎማና በጣሳ ውሃ ነው የምትራባው፤ ድሬዳዋ ይህንንም በ2013 እ.ኤ.አ. አይታዋለች። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አዋሽና መሰል ከተሞች የምትኖሩ ጎማ ከተጠቀማችሁ የውስጥ ክቡን በአፈር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ የታችኛውን ጎኑንም ብሱት። ከአበባ ሥር የሚቀመጥ ሳህን ላይ የቆመ ውሃ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደፋ፤ ከእንቁላል የወጣው እጭ ትንኝ ሆኖ ለመብረር የሚፈጅበት ጊዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ይህን ማድረግ የማይመቸው ሰው ጎማውን ቢተወው ይሻላል፤ አበባ በሌላ ዕቃም ይበቅላል።

ሸክላ

ጋን፣ እንስራ፣ ድስት፣ ገንቦ። ማማር ብቻ ቢሆን መመዘኛው ሸክላን የሚወዳደር የለም። ቀጨኔ የሚሠሩት ሴቶች እጅ ያረፈበት ዕቃ፣ ጠላ ማንተክተኩን ሲያቆም ግቢ ጥግ ተቀምጦ አበባ ቢያወጣ ክብሩ አይቀንስም።

ሸክላ ይተነፍሳል። ውሃው በግድግዳው ዘልቆ ወደ ውጭ ይተናል፣ ሲተንም ሥሩን ያቀዘቅዛል። በክረምት ይህ በረከት ነው፤ ዝናቡ ቢበዛም ሥሩ አየር አያጣም። በበጋ ግን ያው መተንፈሱ ውሃችሁን ይጨርሳል። ልኩ እኩል የሆነ ፕላስቲክ ባልዲና ሸክላ ድስት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ሸክላው ቀድሞ ይደርቃል። እዚህ ላይ የምናውቀው ዕቃ ይረዳናል። አዲስ ድስትና ለዓመታት ወጥ የተሠራበት ድስት አንድ አይደሉም። አሮጌው ተሟሽቶ፣ ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ስለቆየ ውሃውን ቶሎ አያስወጣም። ለበጋ አበባ አሮጌው ይሻላል ማለት ነው። ጨውና በርበሬው ግን ሥር ያቃጥላልና ውሃ እየቀያየራችሁ ጥቂት ቀን ዘፍዝፉት።

ቀዳዳ መብሳት የሚያስፈራው ሸክላ ላይ ነው። የእኛ ሸክላ በብዛት ሜዳ ላይ በእሳት የሚተኮስ በመሆኑ ከፋብሪካ ሸክላ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ በሚስማርና በመዶሻ ከመታችሁት ይሰነጠቃል። ዕቃውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ውስጡን እርጥብ አሸዋ ሞልታችሁ አፉን ወደ ታች ገልብጡት፤ አሸዋው መቀመጫ ይሆነዋል። ከዚያ በግድግዳ ድሪል፣ የመምታት ስልቱን አጥፍታችሁ፣ በቀስታ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ብሱት። መጀመሪያ በቀጭን ጫፍ፣ ቀጥሎ በወፍራም። ድሪል ከሌለ የተሰነጠቀ ጋን ፈልጉ። ለጠላ የማይሆነው ስንጥቅ ለአበባ የውሃ መውጫ ነው፤ ሽቦ ዙሪያውን ካሰራችሁለት ብዙ ጊዜ ይቆማል።

የተሰበረ ጀበና ላይ አበባ መትከል የሚወዱ ብዙ ናቸው። አፉ ጠባብ በመሆኑ ሥሩ ካደገ በኋላ ተክሉን ማውጣት የሚቻለው ጀበናውን በመስበር ነው። ውሃ እምብዛም ለማይፈልጉ፣ ቅጠላቸው ወፍራም ለሆኑ ትናንሽ ተክሎች ብቻ ይሁን።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ከሀገር ቤት የሸክላ ዕቃ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ውርጭ ሳይጀምር ወደ ቤት አስገቡት። ሸክላው የጠጣው ውሃ ሲበርድ በረዶ ይሆንና እየሰፋ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ደጅ የሚያድረው ፕላስቲክ ይሁን።

ባልዲ፣ ሳፋ፣ ከረጢት፣ ሀይላንድ

ባልዲ ጥልቅ ነው፤ ሳፋ ሰፊ ነው። ልዩነታቸው ይኸው ነው፣ ምርጫውም ከዚህ ይመጣል። ጽጌረዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋልና ባልዲ ውስጥ ይግባ። ማሪጎልድ፣ ፔቱንያ፣ አደይ አበባ ሥራቸው ጥልቅ ስላልሆነ የተሰነጠቀ የልብስ ሳፋ ሙሉ አድርገው ያለብሱታል። አደይን ከዘር መሞከር የምትፈልጉ፣ አበባው በጥቅምትና በኅዳር ሲደርቅ ጥቁሩን ሹል ዘር ሰብስባችሁ ደረቅ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡት፤ ሰኔ ላይ ሳፋው ውስጥ በትኑት። ለመስከረም ይደርሳል።

ማዳበሪያ ከረጢት ርካሽ ነው፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ብዙ አፈር ይይዛል። ፀሐይ ግን ክሩን ይበጣጥሰዋል፤ ዓመት ሁለት ዓመት አልፎ ስታነሱት እጃችሁ ላይ ይቀደዳል። ከተቀመጠበት ለማይነሳ ነገር፣ ግቢ ጥግ ብቻ።

ሀይላንድ የአበባ ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ። ብርሃን ስለሚያስገባ ውስጡ አረንጓዴ ይይዛል፤ ሥር ደግሞ ጨለማ ነው የሚወደው። አፈሩም በጣም ትንሽ ነው። ለዘር ማፍያና ለቁራጭ ማብቀያ ግን ምቹ ነው። ሌላም ጥሩ ሥራ አለው፤ ክዳኑን በቀጭን መርፌ በስታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ፣ አፉን ወደ ታች ትልቁ ዕቃ አፈር ውስጥ ብትቀብሩት ቀስ እያለ ያጠጣል። ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሰው እፎይታ ነው።

የማይነኩ ዕቃዎች

የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ፣ የባትሪ አሲድ ጀሪካን፣ የሞተር ዘይት ጋሎን ለምንም አታውሉ። ታጥቦ ይጠራል የሚባለውን አትመኑ። ዛሬ አበባ የተተከለበት ዕቃ ነገ ልጅ ውሃ ይቀዳበታል፣ አለዚያም አንዱ ጎረቤት ወስዶ ጠላ ይጠነስስበታል።

አበባው መሀል ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት ወይም የጥብስ ቅጠል መትከል የምትወዱ ደግሞ ዕቃውን ለዩ። ለሚበላና ለቡና ለሚገባ ነገር የምግብ ዕቃ ብቻ፤ የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ጣሳ፣ ድስት። ጎማና የቀለም ባልዲ ለአበባ ብቻ ይሁኑ። ጤና አዳምን ስትቆርጡ ደግሞ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ጠዋት ወይም ማታ ቁረጡት፣ እጃችሁንም ወዲያው ታጠቡ።

አፈሩ ላይ አትሰስቱ

ምርጥ ዕቃ በመጥፎ አፈር ይከሽፋል። አዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኘው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጣሳ ውስጥ ብቻውን ከገባ ጡብ ይሆናል። ሁለት እጅ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ የተወቀጠ ቀይ አሽ ቀላቅሉ። ቀይ አሽ ለመንገድ ሥራ የሚውለው ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፤ ክብደት ይቀንሳል፣ አየር ያስገባል። ለበረንዳ ዕቃ ድርሻውን ከፍ ብታደርጉ ሸክሙ ይቀላል።

ከታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያወጣል የሚባለው ልማድ ትክክል አይደለም። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጠጠሩ ለመውረድ አፈሩ መጀመሪያ መጥገብ አለበት፤ እና እርጥቡ ክፍል ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ለሥሩ የሚቀረው ቦታም ይጠባል። ጠጠሩን ትታችሁ ቀዳዳው ላይ የጨርቅ ቁራጭ አድርጉ። የቡና አተላ ጥሩ ነው፤ ግን ከላይ አትከምሩት፣ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ውሃ አያሳልፍም። ከብስባሹ ጋር ይቀላቀል። ጤፍ፣ ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለአበባ ይሆናል፤ በረኪና ያለበትና ጨው የገባበት አይሆንም።

እንግዲህ ለእናንተ የትኛው?

ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ፣ የተጋደመ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ወይም ሦስት፣ ወለል ላይ። በረንዳው ፀሐይ ካገኘ ጄራኒየም፣ ማሪጎልድና ፔቱንያ፤ ፀሐይ የማያየው ከሆነ ቤጎንያና ፉክሲያ። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው፤ በጨለመ በረንዳ ገንዘባችሁን አታጥፉ። ሲጠጣ የሚንጠባጠበው ውሃ ታች ያለውን ጎረቤት ልብስ እንዳያበላሽ ከሥሩ የሚቀበል ነገር አድርጉለት፤ አሮጌ ትሪ በቂ ነው።

ግቢ ያላችሁ፣ ቀዝቃዛ አገር ከሆናችሁ ጎማውንም ጋኑንም መጠቀም ትችላላችሁ። ጎማውን ለማይንቀሳቀሰው ትልቅ ቁጥቋጦ፣ ጋኑን ደጃፍ ላይ ለሚታየው። ሞቃት ቆላ ከሆናችሁ ጎማው ቢቀር ይሻላል፤ ወፍራም ነጭ ባልዲ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ያዋጣል።

ተከራይ ሆናችሁ በየጊዜው ቤት የምትቀይሩ ከሆነ እጀታ ያለው ዕቃ ብቻ ያዙ። ከ10 ሊትር አይብለጥ፤ ሞልቶ እንኳ በአንድ ሰው እጅ የሚነሳ ይሁን። ዕቃ የምትጭኑ ዕለት ውሃ አታጠጡት፤ ደረቅ አፈር ቀላል ነው፣ መኪናውንም አያጨቀይም። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚወጣና ከሰዓት የት እንደሚያርፍ ጥቂት ቀን ተመልከቱ። እስከዚያ አበባውን ጥላ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ ቦታውን ስጡት።